ሳሎኔን ግራጫ ያስቀባሁ ሰሞን

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው የገዛ ሳሎኑን ቀለም ቢያስቀባ ምን ወንጀል አለበት? እኔ ያደረግሁት ይኸው ነው። ሌላም ያደረግሁት ነገር አለ፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ገና ከመነሻው እንድትታዘቡኝ አልፈልግም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤቴ ከራጉኤል ጀርባ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን ያለው የጭቃ ቤት ነበር። ሳሎን የምለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ተዋበች "ፊተኛው ክፍል" ነበር የምትለው። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ አረንጓዴ፣ የላይኛው ግማሽ ቢጫ ሲሆን መካከሉ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። የሶፋው ልብስ ቀይ፣ መጋረጃው ባለ አበባ። እንግዳ ደስ ብሎት ይገባል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ደስ ብሎኝ ኖሬበታለሁ።

ታዲያ ምን ነካህ ብትሉኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር ናቸው መልሱ። እኒህ ሰው ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምረው ተመለሱና አዲስ ቤት ሠርተው የክፍል ኃላፊዎቹን ምሳ ጠሩ። እኔ ምክትል ነበርኩ፤ ኃላፊዬን ወገቡን ስላመመው ወኪል ሆኜ ሄድኩ። ገባን። ግድግዳው ግራጫ ነው። መጋረጃው ከግድግዳው ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሶፋው ከመጋረጃው ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ምንጣፉም ያው። የቤቱ እመቤት ግራጫ ሹራብ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ኖሮ፣ እጅ የነሳኋቸው ሲያስሉ ሰምቼ ካየኋቸው በኋላ ነው።

ዳይሬክተሩ ግድግዳቸውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ "ቀለም በሚንጫጫበት ቤት ውስጥ ሰው ማሰብ አይችልም" አሉን። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። የእኔ መነቅነቅ ከሌሎቹ ጠንከር ያለ ነበር፤ የደረጃ እድገቴ ወረቀት የእሳቸውን ፊርማ ይጠብቅ ነበርና። እዚያው እንደቆምኩ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ አንድም ነገር አስቤ እንደማላውቅ ተገለጠልኝ።

እንዳጋጣሚ ያ ሳምንት ክፉ ሳምንት ነበር። ክፉ ያልኩት አሁን ነው፤ ያኔ መልካም ይመስል ነበር። አንዲት ልጄን ሙሉን የሚፈልግ ወጣት አስተማሪ ለመጪው እሑድ ሽማግሌ እንደሚልክ አሰምቶናል። ልጁ ጅጅጋ ተመድቧል፤ ሊሄድ የቀረው አንድ ወር ነው። እሑድ ነገሩ ከተያዘ በወሩ ተጋብተው አብረው ይሄዳሉ። ካልተያዘ ብቻውን ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ራሱም አያውቅም። ሙሉ ትወደዋለች። ይህን አልነገረችኝም፤ ግን ስሙ ሲነሳ የያዘችውን ሁሉ ትጥል ስለነበር በዚያ ወር ውስጥ ስድስት ብርጭቆ ተሰብሮብናል።

"አባዬ" አለችኝ፣ "እባክህ እሑድ ምንም ነገር እንዳታበዛ።"

ምንም እንደማላበዛ ማልኩላትና ቀለም ልገዛ ወጣሁ።

መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ግራጫ ቀለም አልተገኘም። አንዱ ባለሱቅ፣ "ማን ሊገዛኝ ነው የማመጣው? ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፤ ወስደህ ራስህ አስታርቃቸው" አለኝ። ሁለቱንም ገዛሁና አስታራቂ ፍለጋ ሲኒማ ራስ አጠገብ ወደሚሠራው ወደ ሰይድ ሄድኩ።

ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ሥራው የጭነት መኪና መቀባት ሲሆን፣ በእሱ እጅ ያላለፈ መኪና ከመርካቶ ቢወጣ ራቁቱን የወጣ ያህል ይቆጠር ነበር። አንበሳ ይስላል፣ ጽጌረዳ ይስላል፣ የባለመኪናውን ስም ከነፊደሉ ጥላ ይጽፋል። ነጩና ጥቁሩ በባልዲው ውስጥ ሲገናኙ ባየ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ።

"ጌታው" አለኝ፣ "ይኼ እኮ ቀለም አይደለም፤ የቀለም እጣቢ ነው።"

"የሥልጣኔ ቀለም ነው።"

"ከሆነስ ሆነ። ጥጉ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ልጣልልዎት? ዋጋ አልጠይቅም፤ ለራሴ ብዬ ነው።"

ከለከልኩት። ሰይድ እያዘነ ቀባ። ችግሩ በየባልዲው ያለው ድብልቅ አንድ አለመሆኑ ነበር። የመጀመሪያው ግድግዳ አመድ፣ ሁለተኛው የሐምሌ ደመና፣ ሦስተኛው አህያ መሰለ። አራተኛው ላይ ሰይድ ተናዶ ስለነበር ጥቁሩ በዛ። ዳይሬክተሩም ቤት ያለው ግራጫ ዓይነቱ ብዙ ነው ብዬ ተጽናናሁ። የተዋበች አስተያየት ግን አጭር ነበር። በሩ ላይ ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "መቼ ነው ቀለሙን የሚጀምረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቀጥሎ መጋረጃና የሶፋ ልብስ። ለዚህ ሸማ ተራ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ የዕድራችን አባል፣ የተዋበች ወዳጅ፣ ሸማ ሻጭም አስነካሪም ናቸው።

"አመድማ ሸማ ፈልጌ ነበር፣ እትዬ። ከሌለ ነጩን ያስነክሩልኝ። በዛ ያለ ነው የምፈልገው፤ ለቤት ሙሉ የሚበቃ።"

እጃቸው ላይ የነበረውን ጋቢ አስቀመጡ። ዓይናቸው ወዲያው እንባ ሞላ። "እኔን! ማን ነው?" አሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ፣ እኛ ዘንድ ነጭ ሸማ የሚነከረው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የሞተበት ሰው ነጩን አስነክሮ ከል ይለብሳል። ለመስኮት ብሎ የሚያስነክር ሰው እስከዚያች ዕለት በሸማ ተራ አልታየም። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ብርቄ ቀደሙኝና፣ "በሐዘንማ አልከራከርህም፤ በመጣበት ዋጋ ውሰደው" አሉ።

ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ ያልኩት ይኸውላችሁ። የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት። ዝም ብልም አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ተነፈስኩ። ረጅምና ከሆድ የወጣ ትንፋሽ ነበር።

"የተዋበች እናት ናቸው አይደል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሆለታ ያሉት? ታመዋል ሲባል ሰምቼ ነበር።"

ጨርቁን የማይ መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ተዋበች ሰምታለች?"

ሰምታለች ብል ያኔውኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤቴ ሊመጡ ነው። "ገና አልሰማችም፣ እትዬ" አልኩ። "እባክዎን ለማንም እንዳይናገሩ።"

"ውይ! እኔ ምን ልጅ ነኝ?" አሉና ጨርቁን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አለቀሱ።

እትዬ ብርቄን አልወቅስም፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። መርዶ ከሰፈር አይደበቅም፤ የሚደበቀው ከባለቤቱ ብቻ ነው። ለተዋበች አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም። ለዕድሩ ዳኛ ለጋሼ ሀብቴ ነገሩ፣ ለጎረቤቶቻችን ነገሩ፣ ለባለወፍጮው ነገሩ። ከሐሙስ ጀምሮ ሰፈሩ ተዋበችን እንደ ዕንቁላል ይይዛት ጀመር። አንዷ ውኃዋን ቀድታ ታመጣላታለች፣ አንዷ እንጨቷን ትሸከምላታለች። ሦስት ዓመት የተኳረፈቻት ጎረቤት ሳትቀር መጥታ ሳመቻት።

"ምነው ሰዉ ሁሉ ወደደኝ?" አለችኝ ተዋበች።

"ሳሎናችንን አይተው ነው" አልኳት። እትዬ ብርቄ ለማንም ያልተናገሩ ስለመሰለኝ፣ እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን እጅ ለማስቀባት፣ ዕቃውን ሁሉ ግቢ አወጣን። ሶፋው ወጣ፣ ቡፌው ወጣ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የሠርጋችን ፎቶግራፍና የማርያም ሥዕል ወረዱ። የጃንሆይን ፎቶግራፍ ሰይድ አልነካም አለ። "እኔ ቤተሰብ አለኝ" ነው ያለው። ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳቸውና፣ የሚያይ ሰው እንዳይኖር በጋቢ ጠቅልዬ አልጋዬ ላይ አስተኛኋቸው። ያን ቀን የቀትር እንቅልፌን ከአልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሬን አጥፌ፣ በታላቅ ትሕትና ተኛሁ። ሰፈሩ ግን ያየው ሌላ ነው። ዕቃ ከቤት የሚወጣው፣ ጌጥ ከግድግዳ የሚወርደው ለለቀስተኛ ቦታ ሲለቀቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሀብቴ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። "የዕድሩን አግዳሚዎችና ድንኳን ነገ በማለዳ እናመጣለን፤ አንተ አታስብ" አሉኝ። የሽማግሌዎቹን መምጣት ሰምተው ሊያግዙኝ ያሰቡ መሰለኝ። ሰው ሳሎኑን ሲያሻሽል ሰፈሩም አብሮ ይሻሻላል አልኩ በልቤ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ጋሼ ሀብቴና አራት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው እትዬ ብርቄ። የመጡት ለልጄ ጉዳይ አልነበረም። ገብተው ተዋበችን አስቀመጧትና፣ ጋሼ ሀብቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን" ብለው ጀመሩ። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ተዋበች "እናቴን!" ብላ ጮኸች፤ ውጭ ጡሩምባው ተነፋ፤ ሴቶቹ ጩኸቱን አብረው አነሱት።

"ኧረ ማንም አልሞተም!" አልኩ።

ጋሼ ሀብቴ ትከሻዬን ያዙኝ። "በቃ፣ ወንድሜ፣ አሁን እኮ ተነግሯታል። ከእንግዲህ መደበቅህ ይብቃ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ይሙቱ እልዎታለሁ፤ አማቴ ደኅና ናቸው!"

"አይዞህ። አንተም ዛሬ አልቅስ።"

ተዋበች መሬት ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝ። "ለዚህ ነው ለካ!" አለች። "ለዚህ ነው ቤቱን ከል ያለበስከው! እኔ ሞኟ ሥልጣኔ ነው ስትለኝ አመንኩህ!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብናገር ሁሉም ያበቃ ነበር። የጨርቁን ዋጋ ሲቀንሱልኝ ዝም አልኩ ማለት ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ ግን ከፊቴ ተቀምጠው ከሁሉም አብልጠው ያለቅሳሉ፤ እኔም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምክትል ክፍል ኃላፊ ነኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ሰዉን አይቶ ይመለሳል። በዚህ መካከል ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ሙሉ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ስለ አያቷ ታለቅሳለች፤ እንባዋን በጠረገች ቁጥር ግን ወደ በሩ ታያለች።

ሦስት ሰዓት ላይ የልጁ ሽማግሌዎች ደረሱ። አራት ናቸው፤ መሪያቸው ነጭ ጺም ያላቸው፣ ዘንግ የያዙ ጎምቱ ሰው ናቸው። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ፣ ጉዳዩ እስኪሰማለት ድረስ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚናገረው። ሐዘን ቤት የገባ ሰው ደግሞ ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ ይቀመጣል። አራቱም ድንኳኑን አዩ፣ የሚጮኹትን ሴቶች አዩ፣ ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ተቀመጡ። አንደኛው ለሌላው ሲያንሾካሹክ በጆሮዬ ሰማሁት፤ "ብዙ ሐዘን ቤት ገብቻለሁ፤ ግድግዳ ከል የለበሰበት ግን ዛሬ ገና አየሁ" አለው።

ትንሽ ቆይተው መሪው ጋሼ ሀብቴን ጠጋ አሏቸው። "እኛ እንኳ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። እዚህ ቤት አሁን አይነሳም። የዓመቱ ተዝካር ካለፈ በኋላ፣ እግዜር ቢፈቅድ፣ እንመለሳለን።"

ሙሉ ሰማች። አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ሸፈነችው። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ እሱም ምንም እንዳላበዛ ነበር። አፈርኩ። ብድግ አልኩ።

"እናንተ ሰዎች፣ ስሙኝ! ማንም አልሞተም! ጨርቅ ስገዛ እትዬ ብርቄ የሞተብኝ መስሏቸው ዋጋ ቀነሱልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ! ለመጋረጃ ነው! ለሶፋ ነው!"

ተናግሬ ተገላገልኩ ብዬ ስተነፍስ አንዲት ሴት "እኔን ይድፋኝ፣ ሐዘን አእምሮውን ነካው" አለች።

"ውኃ አምጡለት" አሉ ጋሼ ሀብቴ።

"ኧረ እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ይንገሯቸው!"

እትዬ ብርቄ እንባቸውን ጠረጉ። "ምን ልበል? አንጀቱ እስኪቆረጥ ሲተነፍስ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ ለሰዉ። ሁለት ጎረምሶች በግራና በቀኝ ይዘው አስቀመጡኝ፤ አንዱ በራሴ ላይ ውኃ አፈሰሰብኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው አማቴ እማማ ድንቅነሽ ከሆለታ አውቶቡስ ወርደው የመጡት። የልጅ ልጃቸው ስትጠየቅ ሊገኙ ተጠርተው ነበር፤ እኔ በቀለሙ ጣጣ ረስቼዋለሁ። ከመታጠፊያው ላይ ሲደርሱ የጩኸቱን ድምፅ ሰሙ፤ ድንኳኑን አዩ፤ የያዙትን የቅቤ ቅል ጥለው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ "ወየው! ማን ነው የቀደመኝ!" እያሉ ገቡ። ማን እንደሞተ አያውቁም፤ ለመጠየቅም ፋታ አላገኙም። ልቅሶ የሚችሉ ሴት ናቸው። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ ሙሾውን ሲያወርዱት ቤቱ አዲስ እንባ አፈሰሰ። እትዬ ብርቄ አንገታቸውን አቅፈው አብረው አለቀሱ። የልጁ ሽማግሌዎች እንኳ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። በራሱ ልቅሶ ላይ እንደዚያ ያማረ ልቅሶ ያለቀሰ ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁ።

ተዋበች ድምፁን አወቀችው። ቀስ ብላ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጠች።

ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ እቸገራለሁ። የድንኳኑ እኩሌታ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ጥሎ አጥር ዘለለ። ተዋበች እናቷን አንድ ጊዜ ታቅፋለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በጡጫ ደረታቸውን ትመታለች። እማማ ድንቅነሽ ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ መሆኑን ተረዱ።

"እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ?" አሉ።

ጋሼ ሀብቴ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"በምን ሞትኩ?"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ውኃው ከራሴ ላይ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ዳይሬክተሩን፣ ሰይድን፣ ጨርቁን፣ ትንፋሹን። እማማ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"በእኔ ሬሳ ስንት ተቀነሰልህ?"

"ሁለት ብር ከሃምሳ፣ እማማ።"

"ሁለት ብር ከሃምሳ?" ብለው ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ። "ይህችን ብቻ ነው ያዘንሽልኝ?"

የልጁ ሽማግሌዎች ግን ጨዋታ ላይ አልነበሩም። ጡሩምባ የተነፋበት፣ እነሱም ሐዘንተኛ ሆነው የተቀመጡበት ቤት ውስጥ ጋብቻ ይነሳል ወይ የሚል ክርክር ተጀመረ። ጋሼ ሀብቴ በዕድሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞ እንደማያውቅ ገለጡ። መሪው ሽማግሌ፣ "ሐዘን በሟች የቅርብ ዘመድ ፈቃድ ካልተነሳ እኛ አፋችንን አንከፍትም" አሉ።

"ከሟቿ የቀረበ ዘመድ ከየት ታመጣላችሁ?" አሉ እማማ ድንቅነሽ። "ሐዘኑን አንስቻለሁ። አሁን ውጡና እንደ ወጋችሁ ግቡ።"

አራቱም ተነሱ። ወጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ተመልሰው ገቡና ከአመዱ ግድግዳ ፊት ተደርድረው ቆሙ። ወጉን ታውቁታላችሁ። የልጅቷ አባት ሲጠየቅ ይኮሳተራል፣ ከዘመድ ልማከር ይላል፣ ሌላ ቀን ይቀጥራል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል።

መሪው ዘንጋቸውን ተደግፈው "ጤና ይስጥልን። እኛ የመጣነው" አሉ።

"ሰጥቻለሁ!" አልኩ።

ሽማግሌው እንደዚያው ቆመው ጥቂት አዩኝ። "ገና አልጠየቅንም" አሉ በትሕትና።

ከጓዳው በር የሙሉ ሳቅ ተሰማ። እስከዚያ ሰዓት ያቺን ሳቅ በሳምንቱ ውስጥ አንድም ቀን እንዳልሰማኋት ልብ አላልኩም ነበር፤ ግድግዳ ሳይ ነው የሰነበትኩት። በወሩ ጅጅጋ ትሄዳለች። ቤቱ አመድም ይሁን ቢጫ፣ እሷ የለችበትም። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልቅስ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ሰውዬ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ጎረቤቶቼ ይህን ነበር ሲጠብቁ የዋሉት፤ ከበው ያዙኝ። ጋሼ ሀብቴ "እሰይ፣ ይውጣልህ" እያሉ ጀርባዬን ይደበድባሉ።

"ልጄ ልትሄድብኝ ነው" አልኩ።

በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ያለ ምስክር የታመነልኝ ይህ ብቻ ነው።